የጋሽ ለምን ደም የሚያስታውሰው

ሰው በስሙ ይጠራል፤ እሱ ግን የሚጠራው በጥያቄው ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ "ጋሽ ለምን" ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳለ ጥርጥር የለውም፤ በዚያ ስም ቢጠሩት ግን መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሮ "ማንን ነው?" ሳይል አይቀርም።

ሥራው ናሙና ማመላለስ ነው። ከየክፍሉ የተቀዳውን ደም፣ ሽንትና አክታ ይሰበስብና ሰማያዊውን የበረዶ ሳጥን በትከሻው አንግቶ ረጅሙን ኮሪደር ያቋርጣል፣ ደረጃውን ይወርዳል፣ በጓሮ በኩል ዞሮ ላብራቶሪ ያደርሳል። እግር ብቻ የሚፈልግ ሥራ ይመስላል። እሱ ግን አፉንም አብሮ ያሠራዋል። "የዚህኛው ክዳን ቀይ፣ የዚያኛው ወይን ጠጅ የሆነው ለምንድን ነው?" "ደም ዝም ብሎ ሲቀመጥ ለምን ይረጋል?" "የዚህ ሰውዬ ደም ለምን እንዲህ ጠቆረ?" አዲስ ሐኪም በተቀጠረ ቁጥር ነርሶቹ "ቆይ ጋሽ ለምን ያግኝህ" እያሉ ይሳሳቃሉ። ክፋት ግን የለውም። ሰው ለማስጨነቅም ሆነ አዋቂ ለመምሰል አይጠይቅም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ያደገ ሰው ስለሆነ ነው። ሲመልሱለት ደግሞ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ስለሚያዳምጥ፣ በሩ ላይ ቆሞ መመለስ የጀመረው ሰው ሳያስበው ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ጥያቄ አያውቅም፤ በረዶ ላይ። ደም ከቀዘቀዘ ይቆያል፣ ከሞቀ ይበላሻል፤ አለቀ ደቀቀ። ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የነገሩት ይህንን ነው፤ እሱም እንደ መሐላ ይዞታል። ሌላ አመላላሽ ሳጥኑን ያለ በረዶ አንጠልጥሎ ሲሄድ ካየ ሰላምታ እስከ መንፈግ ይደርሳል።

ኮሮና ሲመጣ ቀድመው ከተያዙት የሆስፒታሉ ሠራተኞች አንዱ እሱ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ መጀመሪያ ድካም መሰለው፣ ቀጥሎ ጉንፋን መሰለው፣ በመጨረሻ ጠዋት ሲታጠብ ሳሙናው አልሸት አለው። ሳሙናውን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ ቢስበው ድንጋይ እንደ ማሽተት ሆነበት። ለእሱ ሕመሙ ቀላል ነበር፤ ጥቂት አተኮሰው፣ ጥቂት አሳለው፣ ተወው። የከበደው ሌላ ነው።

ሚስቱ ኩላሊት የተተካላት ሴት ናት። ታላቅ ወንድሟ ከሁለቱ አንዱን ሰጥቷት ነው የቆመችው። ሰውነቷ ያንን እንግዳ ኩላሊት ገፍቶ እንዳይጥለው በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት ደግሞ የበሽታ መከላከያዋን አዳክሞታል። ብትከተብ እንኳን ክትባቱ እንደ ሌላው ሰው አይዝላትም። ስለዚህ ሳሙናው ያልሸተተው ዕለት፣ ፎጣውን እንደ ያዘ፣ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለችው ትንሽ ክፍል ገባ። ክፍሏ የሚስቱ የጨርቅ ቁርጥራጭ ማስቀመጫ ነበረች።

"ለጊዜው ነው" አላት በመስኮት።

ጊዜው ግን ተዘረጋ። እሱ ዳነ፤ ሌላ የወረርሽኙ ማዕበል መጣ፣ ሄደ፤ ክትባት መጣ፣ እሱም ተወጋ፣ እሷም ተወጋች። ሰው ማስኩን ኪሱ ከቶ እንደ ድሮው መተቃቀፍ ጀመረ። ጋሽ ለምን ከትንሿ ክፍል አልወጣም። በየቀኑ የሚውለው ከታማሚ መሃል ነው፤ ዛሬ ምን ይዞ እንደሚመጣ በምን ያውቃል? ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት። ከሥራ ሲመለስ ግቢው ውስጥ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና በመስኮት ያወራሉ። የደንበኛዋን በሜትር አልለካ ያለ ወገብ፣ የሆስፒታሉን ወሬ፣ የጎረቤትን ውሻ አንስተው ይጥላሉ፤ ይሳሳቃሉም። ከዚያ እሱ በበሩ፣ እሷ በበሯ ይገባሉ። የልቡን ለመናገር፣ አጥንቱ ድረስ ናፍቃው ነበር። በመስኮት የሚያያት ሚስቱ ናፈቀችው፤ ለማንም ቢነግረው የሚስቅበት ናፍቆት።

በዚህ መሃል አንዲት ተመራማሪ ዶክተር ወደ ሆስፒታሉ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስታወራ እስክሪብቶዋን የምታሽከረክር ሴት ናት። የሆስፒታል ሠራተኞች ከበሽታውና ከክትባቱ በኋላ በደማቸው ውስጥ ምን ያህል መከላከያ እንደሚቀር ማጥናት እንደምትፈልግ፣ ለዚህም በየጊዜው ጥቂት ደም የሚሰጡ ፈቃደኞች እንደምትሻ በስብሰባ ላይ ተናገረች። ንግግሯን ሳትጨርስ ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ።

"ዶክተር፣ ደሙ ራሱ ይናገራል ማለት ነው?"

"ምን ብሎ ጋሼ?"

"ተጠብቄያለሁ ወይም አልተጠበቅኩም ብሎ።"

"የተወሰነ ነገር ይናገራል" አለች በጥንቃቄ። እሱ "ይናገራል" የምትለውን ብቻ ሰማ። ደሙ ተጠብቀሃል ካለው ወደ ሚስቱ መኝታ ቤት ሊመለስ እዚያው ወንበሩ ላይ ቆረጠ። ለሰው አልተነፈሰም፤ ክንዱን ግን ከሁሉም ቀድሞ ሰጠ።

የመጀመሪያው ውጤት ደስ የሚል ነበር። ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው፣ በሽታውን እየያዘ የሚያመክነው ነገር፣ በደሙ ውስጥ ሞልቷል። በዚያ ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ ሰላምታ ተለወጠ፤ "እንደምን አደርክ" ቀርቶ "ስንት ወጣልህ?" ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ያለለት የበር ጥበቃ ደረቱን ነፍቶ ዶክተሮችን ማስክ አድርጉ እያለ እሱ ሳያደርግ ይቆም ጀመር። ጋሽ ለምን ግን አልቸኮለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብሎ ሁለተኛውን ውጤት ጠበቀ። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ደግሞ ከባልደረቦቹ ሁሉ የመጨረሻ ዝቅተኛው ሆኖ ቁጭ አለ።

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ወፍራም ወዳጁ፣ "ድንቡሼ" የሚባለው፣ ውጤቱን ሲነግረው ሊያስቀው ሞከረ። "ጥያቄ ነው የጨረሰው፤ ትንሽ አፍህን ብታሳርፈው ይመለሳል።"

ጋሽ ለምን አልሳቀም። ሳጥኑን አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄደ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ባዶ ሆኛለሁ ማለት ነው ዶክተር?"

"ኧረ አይደለም! ይቀመጡ እስቲ።" እስክሪብቶዋን ማሽከርከር አቆመች። "ይሄ የለካነው ሰውነትዎ ሠርቶ ደም ውስጥ የለቀቀውን ነው። ጠላት ሲመጣ ይበዛል፣ ጠላት ሲርቅ ይቀንሳል፤ ያለ ነገር ነው። ግን ሠሪዎችም አሉ። ቢ-ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው። ከነሱ አንዳንዶቹ የጠላቱን መልክ ይዘው ይቀመጣሉ። ተመልሶ ሲመጣ ያውቁታል፤ ተነስተው እንደገና ይሠራሉ።"

"የት ነው የሚቀመጡት?"

"ንፍፊት ውስጥ፣ ጣፊያ ውስጥ። ጥቂቶቹ በደም ይዞራሉ።"

"ቁጭ ብለው ምን ይሠራሉ?"

"ምንም። ይጠብቃሉ።"

 "እንዲህማ ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ እኮ።"

ዶክተሯ ከት ብላ ሳቀች። "ወተቷን ላሳይዎት ነው የምፈልገው። የሚቀጥለው ምርመራ እሱ ነው።"

ያን ዕለት በመስኮት ለሚስቱ ሲያስረዳት ተንተባተበ። እሷ ግን ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባች፣ "እና ልብሱ አለቀ እንጂ የተቆረጠበት ወረቀት አለ ነው የምትለኝ" አለችው። ግድግዳዋ ላይ በየደንበኛው ልክ የተቆረጠ ወረቀት በምስማር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል፤ ዓመት ቆይቶ የመጣ ደንበኛ እንኳን እንደገና አይለካም። ጋሽ ለምን ወደ ወረቀቶቹ አየ፣ ወደ ሚስቱ አየ። የዶክተሯን ማብራሪያ እንደዚህ በአንድ ትንፋሽ የጠቀለለ ሰው አልሰማም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ ለካ ደምም ማኅበርተኛ ነው።

ለአዲሱ ምርመራ ደም የተቀዳው በአንድ ማለዳ ነው። ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የበር ጥበቃው፣ ድንቡሼ፣ ጋሽ ለምን፣ ሁሉም ተራ በተራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዶክተሯ ወደ ምርምር ክፍሉ ከመቸኮሏ በፊት ብልቃጦቹን ለእሱ አስረከበችና፣ "ጋሼ፣ አደራ፤ እነዚህን ከሌላው ናሙና ሁሉ አብልጠው ይጠንቀቁልኝ" አለችው።

ለጋሽ ለምን ከዚህ በላይ ክብር አልነበረም። ሳጥኑን ከማቀዝቀዣው በወጣ አዲስ በረዶ ሞላው። ያም አልበቃውም፤ ከታች አነጠፈ፣ ከላይ ደረበ፣ ብልቃጦቹን መሃል ላይ ሸጉጦ ክዳኑን በፕላስተር አሸገው። የራሱም ደም እዚያ ውስጥ ነበረ። ፀሐይ እንዳያገኘው የጓሮውን መንገድ ትቶ በዛፎቹ ሥር ዞሮ ሄደ። ሲያስረክብ የሳጥኑ እጀታ ራሱ ጣት ያደነዝዝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ላብራቶሪው በር ላይ ብቅ አለች። ፊቷ ተለዋውጧል።

"ማነው በረዶ ውስጥ የከተታቸው?"

 ጋሽ ለምን መጀመሪያ ጥያቄው አልገባውም። ማን ተነፈሰ እንደ ማለት፣ ማን በእግሩ ሄደ እንደ ማለት ሆነበት።

"እኔ ነኛ" አለ። "እንዳይበላሹ።"

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም። እነዚህ በክፍሉ ሙቀት ነበር መምጣት ያለባቸው። በረዶው ጎድቷቸዋል፤ አልሠሩልኝም።"

"ደም በበረዶ ለምን ይጎዳል?" አለ፤ ድምፁ አነሰ።

"ሌላ ጊዜ የምንፈልገው ደሙ ውስጥ ያለውን ነገር ነው፤ ቢቀዘቅዝ ችግር የለውም። አሁን ግን የምንፈልገው ሕዋሶቹን ራሳቸውን ነው፤ እንዲነሱና እንዲሠሩ። በሕይወት ያሉ ናቸው ጋሼ። ብርዱ አይስማማቸውም።"

በሕይወት ያሉ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ደም ሲሸከም፣ የሚሸከመው ነገር ሕያው ነው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። አፈረ፤ አፍሮም ተደነቀ፤ የትኛው እንደበለጠ እሱም አያውቀው። በማግስቱ ሁሉም ሰው በእሱ ምክንያት እንደገና ክንዱን ለመርፌ ሲሰጥ፣ የበር ጥበቃው "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" እያለ አጉረመረመ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም "ቆይ አንተን ነው ማቀዝቀዣ ውስጥ የምንከትህ" አለችው። እሱ በየተራ ይቅርታ ጠየቀ። በዚህኛው ጊዜ ብልቃጦቹን በደረቅ ሳጥን፣ ፎጣ አልብሶ፣ ሳይሮጥና ሳያንገጫግጭ ወሰዳቸው። ትከሻው ላይ የበረዶው ክብደት ስላልነበረ በየመሃሉ ሳጥኑን የረሳው እየመሰለው ይደነግጥ ነበር።

ከቀናት በኋላ ዶክተሯ ወደ ምርምር ክፍሏ አስጠራችው። ድንቡሼም ወሬ እንዳያመልጠው ተከትሎ ገባ። በኮምፒውተሩ ላይ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ያሉት ሳህን በፎቶ ተነስቶ ይታያል። በአንዳንዶቹ ጉድጓዶች ውስጥ ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉ።

"ይሄ የእርስዎ ነው" አለችው አንዱን ጉድጓድ በእስክሪብቶዋ እያመለከተች። "እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሕዋስ የነቃበት ቦታ ነው። ቀስቅሰናቸው ያንን ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ጀመሩ። የሠሩት ነው ቀለም የያዘው።"

ጋሽ ለምን አንገቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ። ነጥቦቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ትልቅ ነው፣ አንዳንዱ ትንሽ፣ ሁለቱ ተነካክተው እንደ አንድ ሆነዋል። በሽታው ካለፈ፣ ክትባቱም ከተወጋ ስንት ጊዜ ሆኖታል፤ እሱ ራሱ የትኛው ክንዱ እንደተወጋ ረስቷል፤ እነሱ አልረሱም።

"እኔ ሳላውቅ" አለ በቀስታ፤ "እኔ ባዶ ነኝ እያልኩ ስጨነቅ፣ እነዚህ እዚህ ቁጭ ብለው?"

"ቁጭ ብለው።"

ድንቡሼ ጀርባውን መታ አደረገው። "በል እንግዲህ፣ ወተቷ ይኸውልህ!"

ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልነገረውን የጠየቀው።  ስለ ሚስቱ ኩላሊት፣ ስለ ትንሿ ክፍል፣ ስለ መስኮቱ ነገራት። "እና ልጄ፣ አሁን መመለስ እችላለሁ? አዎ ብቻ በይኝ።" ሁልጊዜ ዶክተር ብሎ በእርስዎ የሚያነጋግራት ሰው "ልጄ" እንዳላት እንኳን አላስተዋለም።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አዎ ብትል ያምናታል። ግን ቀጥተኛ ሴት ናት።

"ይሄ የሚለኝ፣ በሽታው ቢመጣብዎት ሰውነትዎ ቶሎ እንደሚነሳ ነው። በጠና የመታመምዎ ዕድል ያንሳል። አፍንጫዎ አይገባም፣ ወደ እሳቸው አይተላለፍም ግን አይለኝም። የእርስዎ ደም የእርስዎን ነገር ነው የሚናገረው ጋሼ። የሳቸውን አይናገርም።"

"ታዲያ የሷን ማን ይናገር?"

"እሳቸውና የሚከታተላቸው ሐኪም።"

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጋሽ ለምን ወደ ቤቱ የሄደው እግሩን እየጎተተ ነው። ያን ያህል መርፌ፣ ያን ያህል መጠበቅ፣ ያን ያህል ነጥብ፤ መጨረሻው "አላውቅም" ሆነ። ግቢው ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ለሚስቱ አወጋት። ስለ ነጥቦቹ ሲነግራት መኪናዋን አቁማ አዳመጠች። ስለ ዶክተሯ መልስ ሲነግራት እንደገና መስፋት ጀመረች።

"እና ምን ወሰንክ?" አለችው ከስፌቱ ቀና ሳትል።

"ምን እወስናለሁ። ባለበት ይቀጥል ይመስለኛል።"

መኪናው ቆመ። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ተቆጥታለችም።

"ሐኪሜን ጠይቄዋለሁ" አለችው። "ገና ድሮ፣ ክትባቱን እንደጨረስን። ሁለታችሁም ተከትባችኋል፣ ወረርሽኙም ጋብ ብሏል፣ መስኮት ክፈቱ፣ እሱን ካመመው ይለይ፣ አንቺም ትንሽ ካተኮሰሽ ሮጠሽ ነይ አለኝ። ስጋቱ ዜሮ አይሆንም፣ የቀረውን እናንተ ተነጋገሩበት አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንድትጠይቀኝ ጠበቅኩሃ! ዶክተሯን ጠየቅክ። ላብራቶሪውን ጠየቅክ። ደምህን እያስቀዳህ እያስቀዳህ ጠየቅክ። እኔ እዚህ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳን፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አላልከኝም።" ድምፏ ተሰበረ። "የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር። የታመመች ሴት ታከተችው፣ መውጫ ምክንያት አገኘ ብዬ ነበር። የፈራሁት በሽታውን መሰለህ?"

 ይህ በአእምሮው ዳር እንኳን አልፎ አያውቅም። ከእሷ የራቀው ስለሚሳሳላት ነው፤ እሷ ደግሞ በመስኮቱ ወዲያ ሆና ያንኑ ርቀት እንደ ጥላቻ ስትቆጥረው ኖራለች። 

"በኔ ትንፋሽ እንዳትሞቺብኝ ነው" አለ። "ሌላ ምንም አይደለም። በኔ ትንፋሽ ከሞትሽብኝ እንዴት እኖራለሁ?"

"አውቃለሁ። አሁን አወቅኩ።" እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ግን ነፍሴ የኔ ናት። ወንድሜ ኩላሊቱን የሰጠኝ ባሌን በመስኮት እያየሁ እንድኖር አይደለም። በል ጠይቀኝ።"

ከበርጩማው ተነሳ። ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ ሊያደርግ አሰበና ተወው፤ እንዳለ ሆኖ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

"ልግባ?" አላት።

 ከወንበሯ ተነሳች፣ ጉልበቷ ላይ የወደቀውን የክር ብናኝ አራገፈች፣ ቤቱን በውስጥ አቋርጣ በበሩ ወጣች። በግቢው መሃል አልፋው ቀጥ ብላ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። ሲከተላት አንሶላውን ገፍፋ፣ ጎንበስ ብላ የፍራሹን አንድ ጫፍ ጨብጣ አገኛት።

"ያዝ በዚያ በኩል" አለችው። "ብቻዬን አልችለውም።"